የትንሿ ሞተር ክላክስ

ሞተሯ ቤታችን የገባችው በሰው ትከሻ ነው። ሳወራው ውሸት ይመስላል፤ እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ባለቤቴና በአሰብ መስመር የሚሠራ ሾፌር ጓደኛው፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆነው፣ የሰፈራችንን የቧንቧ ውሃን አቀበት እንደ ታመመ ጥጃ ተሸክመዋት ወጡ። ቤንዚን ስላልነበራት ነው። ያኔ በደርግ ጊዜ ቤንዚን በኩፖን ነበር፤ ኩፖን ደግሞ ገና አላወጣንላትም።

ሾፌሩ ከወደብ ጭነት ሲያነሳ ነው ያገኛት። ከጃፓን በመርከብ የመጣች ናት አለን። ጎማዋ ከጋሪ ጎማ ያንሳል፤ መሪዋ ታጥፎ ይገባል፤ ቁመቷ ከጉልበቴ ትንሽ ቢያልፍ ነው። የቤንዚን መያዣዋ ቀይ ነበር። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ እንዲህ ያለች ሌላ ሞተር አላየሁም። ባለቤቴ ደግሞ ከሰፈሩ ወንዶች ሁሉ ረጅሙ ነው። መጀመሪያ የተቀመጠባት ዕለት ጉልበቶቹ ከጆሮዎቹ ጋር ሊገናኙ ምንም አልቀራቸውም።

ግድግዳ ለግድግዳ የምንኖር አንዲት ክርስቲያን ጎረቤት ነበረችኝ። ደግ ናት፤ አፏ ግን ስለት ነው። አጥሩ ላይ ተደግፋ ስታይ ቆየችና፣

«ኧረ እባካችሁ ይቺን ለእናቷ መልሱ፤ ገና ጡት አልጣለችም» አለች።

«ዝም በይ፣ ታድጋለች» አላት ባለቤቴ።

«ስታድግማ እሷ ናት አንተን የምትጋልብህ!»

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ያን ጊዜ በዓይኔ ላይ የመጣው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ነው።

ከልጅነቴም ፈሪ ነኝ፤ ልጅ ከወለድኩ ወዲህ ደግሞ ባሰብኝ። ከሦስት ልጆቼ ያደገችልኝ አንዲት ሴት ብቻ ናት። እሷም ያን ጊዜ ኮምቦልቻ ተድራ ነበር። ባለቤቴ የሚሠራውም እዚያው ኮምቦልቻ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ በመካኒክነት ነው። ከደሴ ጠዋት ወርዶ ማታ ይወጣል። አውቶቡስ ሲገኝ በአውቶቡስ፣ ሳይገኝ በጭነት መኪና ላይ። አሁን ደግሞ በዚህች አሻንጉሊት ሐረጎን ሊወርድ ነው። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው በኩል ገደል፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ ጉሙ የገዛ እጅህን አያሳይህም።

ሞተሯ ጎን ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ያን ወቅት መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ለይቼ ስለነበር፣ ጽሑፍ ባየሁበት ሁሉ ካልቆጠርኩ እጄን ይበላኛል። ይኼኛው ግን ከማውቀው ሁሉ የተለየ ነው። አንዱ ፊደል መሰላል ይመስላል፣ አንዱ በር የሌለው ቤት፣ አንዱ ሸክም የያዘ ሰው።

«ምን ይላል?» አልኩት ባለቤቴን።

ቀና ብሎ ፊቴን አየና፣ «‹ቀስ ብለህ ንዳ› ነው የሚለው» አለኝ።

እኔም አመንኩት። ጃፓኖች ለሚስት የሚያስቡ ሰዎች ናቸው ብዬ ለጎረቤቶቼ ሁሉ አወራሁ።

በኋላ ተስማማን። ደረቱን ብርድ እንዳይመታው አሮጌ ጋዜጣ ከኮቱ ሥር አደርግለታለሁ፤ እሱም ሲመለስ ከቤታችን በታች ካለው መታጠፊያ ሲደርስ ክላክሱን ሁለት ጊዜ ይነፋል። ሁለት ጊዜ ከሰማሁ ድስቴን አወጣለሁ። እስክሰማ ድረስ ምንም አልበላም፣ ከማንም ጋር ቁም ነገር አላወራም። ክላክሷ ቀጭን ነበር፤ ጫጩት ስትረገጥ እንደምታሰማው ድምፅ። ለእኔ ግን ከእሱ የበለጠ ድምፅ አልነበረም።

እንዲህ እያልን አንድ ዓመት ያህል በሰላም ቆየን። ነገሩን ያበላሸው ሰው አይደለም፤ ቅሬያችን ነው። ቅሬያችንም ክፉ አስቦ አይደለም።

በእኛ አገር ሰው ሲሞት የሚቀብረውና ሐዘንተኛውን የሚያስተዛዝነው ቅሬ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። ከሰፈራችን አንድ ሽማግሌ ጠዋት ላይ አረፉ፤ ወንድማቸው ያሉት ከኮምቦልቻ ወዲያ፣ ደጋን ነው። የእስላም ቀብር አይዘገይም። ወንድምየው ሳይደርሱ አፈር ሊለብሱ ሆነ። ቅሬውን የሚመሩት ዳኛ ባለቤቴን አስጠሩና፣ «ልጄ፣ ያቺን ነገርህን አስነሳት» አሉት። ሄደ። ወንድምየውም ለቀብር ደረሱ። ሰው ሁሉ መረቀው።

ምርቃቱ ነው የጎዳን። ከዚያ ወዲህ ሰው በሞተ ቁጥር፣ ዘመድ ሩቅ ከሆነ፣ የሚላከው እሱ ሆነ። አንዴ ኮምቦልቻ፣ አንዴ ደሴ ዙሪያ ገጠሩ ድረስ። መርዶ እንዲሁ አይነገርም፤ እሱ ደርሶ ለሰፈሩ ትልቅ ሰው በጆሮ ይነግራል፣ እነሱ ተሰብስበው ገብተው ያረዳሉ። ሥርዓቱን ጠብቆ ነው የሚሠራው። ሞተሯ ግን ሥርዓት አታውቅም። ከሩቅ ትጮኻለች። በአገሩ ሌላ እንደሷ ያለ ድምፅ የለም። ሰው ቶሎ ነው የለመደው፤ የሷ ድምፅ ከተሰማ አንድ ሰው ሞቷል ማለት ነው።

አንድ ቀን ባለቤቴ ድንች ሊገዛ ደሴ ዙሪያ ወደሚያውቀው ገበሬ ቤት ሄደ። መርዶም ምንም የለም፤ ባዶ ጆንያ ይዞ ነው። ገና ደጃፍ ሳይደርስ የገበሬው ሚስት ጓሮ ሆና ድምፁን ሰምታ ኖሯል፤ በእጇ የያዘችውን ጥላ ደረቷን እየደቃች ወጣች። ልጇ ወታደር ነው፤ ሰሜን ነው ያለው።

«ልጄን! ልጄን በለኝ! አትደብቀኝ!»

«እህቴ፣ ኧረ ለድንች ነው የመጣሁት!» ቢላት ማን ይሰማዋል። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ለቅሶ ሆነ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ገቡ። ባሏ ከማሳ ሮጦ መጣ። የሞተ ሰው እንደሌለ እስኪተማመኑ ድረስ ቀትር አለፈ። ከዚያ በኋላ እንኳ ሴትዮዋ ጆንያውን እያየች፣ «ድንች ብለህ አታባብለኝ» ትለው ነበር አሉ።

ባለቤቴ ያለ ድንች ተመለሰ። መታጠፊያው ላይ ክላክሱን ሁለት ጊዜ ነፋ። ገብቶ ባዶ ጆንያውን አጣጥፎ ጥግ አስቀመጠው።

ይኼን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የልጄን ነው።

ልጄ መጀመሪያ ያረገዘችው በስድስተኛው ወር ወርዶባታል። አሁን ሁለተኛዋ ነው፤ ስድስተኛውን አልፋ ሰባተኛው ገብቷል። እኔ በየቀኑ እቆጥራለሁ። ከባድ እንዳታነሳ፣ ትኩስ ውሃ ላይ እንዳትቆም፣ እንዳትደነግጥ በየጊዜው እልክባታለሁ። እናቶቻችን እንደሚሉት እርጉዝን ከሁሉ በላይ የሚጎዳት ድንጋጤ ነው። አባቷ ከሥራ ሲወጣ ሁልጊዜ በሷ በር አልፎ ሰላም ብሏት ነበር የሚመጣው።

አንድ ቀን ጠዋት ከሷ ጎን ላለው ቤት መርዶ ይዞ ሄደ። እሷ ውስጥ ሆና ሞተሯን ሰማች። በአባቷ መምጫ ሰዓት አይደለም። እኔ የሞትኩ መሰላት። ተነስታ በር ላይ ስትደርስ ወደቀች። አልሐምዱሊላህ፣ ፅንሱ አልተነካም። አማቷ ግን በማግስቱ ሰው ላኩብን። ጨዋ ሴት ናቸው፤ ቃላቸውም የጨዋ ነበር፦ «ይቅር በሉኝ፣ እስክትገላገል ድረስ ያቺ ሞተር ወደ በራችን አትምጣ።»

ባለቤቴ መልእክቱን ቆሞ ሰማ። «ልክ ናቸው» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞተሯን ጋራዡ ትቶ በእግሩ እየሄደ ይጎበኛት ጀመር። አንድ ምሽት እራት እየበላን፣

«ልጄ ድምፄን ፈራችው» አለኝ።

«ያንተን አይደለም፤ የሞተሯን ነው።»

«ሌላ ምን ድምፅ አለኝ?» አለ።

በዚያው ሳምንት ቅሬው ተሰብስቦ ነበር። ሴት ከመሐል ቆማ የምትናገርበት ቦታ አይደለም፤ እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ከሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይታሰራል። ጥግ ይዤ ቆሜ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ፣ የቅሬው ዳኛ እስኪያዩኝ ጠበቅሁ።

«ምነው ልጄ፣ በደህና?»

«አባባ፣ አንድ ነገር ልለምን ነው የመጣሁት። ሞተሯን ከመርዶ ያውጡልን። ልጄ ነፍሰ ጡር ናት። ድምፁን በሰማች ቁጥር ትደነግጣለች። የመጀመሪያውን አጥታለች፣ ይኼንንም…»

አንድ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አዛውንት ከዳኛው ጎን ተቀምጠዋል። «ሞተሯ ትቅር ከተባለ እንግዲህ እኔን ነው የምትልኩኝ» አሉ። «እኔ ደግሞ ደጋን ሳልደርስ የራሴ መርዶ ይደርሳችኋል።»

ሳቁ። ዳኛው አልሳቁም። «ልጄ፣ የሰው ወንድም ሳይደርስ መቅበርም ከባድ ነው። እንዴት እናድርግ? አንቺ ምን ትያለሽ?» አሉኝ።

እኔን ትልቅ ሰው «ምን ትያለሽ» ብሎ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነው። አስቤ የመጣሁት «ያውጡልን» የሚለውን ብቻ ነበር። ከዚያ የራሴ ቤት መታጠፊያ ትዝ አለኝ።

«አባባ፣ እኔ ሁልጊዜ እፈራለሁ» አልኳቸው። «መታጠፊያው ላይ ሁለት ጊዜ ክላክስ ሲያደርግ ግን ፍርሃቴ ይለቀኛል። ለሰውም እንዲያ ቢሆንስ? በሰላም የሚሄድ ከሆነ ሁለት ጊዜ ይንፋ። ለመርዶ ሲሄድ ክላክሱን አይንካ።»

አዛውንቱ እግራቸውን ዘረጉ። «ወላሂ፣ ሴትየዋ የመኪና ሕግ አወጣች» አሉ።

ዳኛው በዚያው ወሰኑ። ከሰፈር ሰፈር እንዲነገር፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላም ከቅዳሴ በኋላም እንዲነገር፣ በገበያ ቀን ደግሞ ከገጠር ለሚመጣው እንዲነገር አደረጉ። ሁለት ጊዜ ከተነፋ ሰላም ነው፤ ካልተነፋ ትልልቆቹ ይሰብሰቡ።

ነገሩ ቶሎ ተለመደ። ባለቤቴም እንደ ነጻ ሰው ሆነ። በየመንደሩ መግቢያ፣ በየመታጠፊያው፣ ማሳ ውስጥ ሰው ባየ ቁጥር ይነፋል። ገበሬው ጎንበስ እንዳለ እጁን ብቻ ያነሳል። ያቺ የድንቹ ሴትዮ እንኳ ሁለተኛውን እስክትሰማ ድረስ ተንፍሳ እንደማትጨርስ፣ ከዚያ ግን «ና ግባ» እንደምትለው ነግሮኛል። የልጄ አማትም ሰው ላኩብን፤ «ይምጣ፣ ግን ከሩቅ ይጀምር» ብለው። ከሩቅ ጀመረ። ልጄ ከውስጥ ሆና ትቆጥርና፣ «አባዬ ነው» ትላለች።

ክላክሱ ግን ይኼን ሁሉ ለመንፋት አልተሠራም። እየዋለ እያደረ ድምፁ ሰለለ፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ሆነ። ባለቤቴ ፈታ፣ ጠረገ፣ ሽቦ ቀየረ። መለዋወጫ በአገሩ የለም። «ከጃፓን ካልመጣ አይገኝም፤ እስከዚያ ቆጥቤ እነፋለሁ» አለኝ።

ልጄ እንድትገላገል ያሰብነው እኔው ጋ ነበር፤ የመጀመሪያ ወሊድ በእናት ቤት ነው። ጤና ጣቢያ ያየቻት አዋላጅ ግን «ሐረጎን በመኪና አትውጣ» አለች። እንግዲያው እኔ እወርዳለሁ ብዬ የአጥሚት እህል አስፈጭቼ፣ ለሳምንቱ መጨረሻ ተዘጋጀሁ። ልጅ ግን ቀጠሮ አያውቅም። በሳምንቱ መካከል፣ አመሻሹ ላይ፣ የመጨረሻው አውቶቡስ ሾፌር በሬን አንኳኳ። «ባለቤትሽ ልኮኝ ነው፤ ልጅሽን ምጥ ይዟታል፤ እዚያው አድራለሁ ብሎሻል» አለኝ። ወደ ታች የሚሄድ መኪና ከዚያ በኋላ አልነበረም።

ሲነጋጋ ዱቄቱን በጨርቅ ቋጥሬ ወደ አውቶቡስ ተራ ለመሄድ በር ላይ ነበርኩ። ሞተሯን ሰማኋት። ከታች አቀበቱን ይዛ እያቃሰተች ትመጣለች። ቆምኩ። መታጠፊያው ጋ ደረሰች። ጆሮዬ ክላክሱን ጠበቀ።

አልተነፋም።

ሞተሯ መታጠፊያውን አልፋ መጣች። ክላክስ የለም። ጎረቤቴ በሯን ከፍታ ወጣች፤ እሷም ስትቆጥር ነበር። ፊቴን አየች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ ልታስር ጀመረች። ያቺ አፏ የማያርፍ ሴት ዝም ብላ ስታስር ሳይ ነው ያመንኩት። ዱቄቴን እንደያዝኩ መሬት ተቀመጥኩ።

ያኔ ነው ድምፅ የሰማሁት። የሰው ድምፅ ነው፤ የተሰነጠቀ፣ የሰለለ።

«ጲጵ! ጲጵ!»

ጎረቤቴ እጇ ነጠላው ላይ እንዳለ ቀረ።

«ጲጵ! ጲጵ!» ባለቤቴ በአጥሩ ጥግ ብቅ አለ። ፊቱ አቧራ ብቻ ነው፤ አፉን ከፍቶ እንደ ሕፃን ልጅ ይጮኻል። «የምሥራች! የምሥራች! ክላክሱ ሐረጎ ላይ ተበላሸብኝ! ጲጵ! ጲጵ!»

«ምሥር ብላ!» አለችው ጎረቤቴ እኔን ቀድማ። «ምሥር ብላ፣ አንተ እብድ! ገድለኸን ነበር እኮ!»

«ሴት ናት። እሷም ልጅቷም ደህና ናቸው» አለኝ፤ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ። በየመንደሩ መግቢያ በአፉ እየነፋ ነው የወጣው። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ትንፋሽ አጠረውና አልወጣለት አለ። «ሁለቱን ለማውጣት ስሞክር አንቺ ተቀምጠሽ አየሁሽ» አለኝ።

አለቀስኩም ሳቅሁም፤ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም። ጎረቤቴ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ሰፈሩ ተነሳ።

«ተነሺ፣ እንሂድ» አለ።

«አውቶቡስ እጠብቃለሁ።»

«አውቶቡሱ ሰው እስኪሞላ ልጅቷ ትዳራለች!» አለች ጎረቤቴ። ሳልጠይቃት ዱቄቱን በራሷ ነጠላ ጀርባዬ ላይ አሰረችው። ለለቅሶ ያወረደችው ነጠላ ነው።

እስከዚያ ቀን ሞተሯ ላይ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። በጎን ተቀመጥኩ፣ ባለቤቴን በኮቱ ጨምድጄ ያዝኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከኮቱ ሥር ጋዜጣው ይንኮሻኮሻል። ሐረጎን ስንወርድ ፋቲሐ ብቻ ነበር የምቀራው፤ ስጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው። አንዴ ዓይኔን ስገልጥ ጉሙ ከታች ሸለቆውን ሞልቶ አየሁና መልሼ ጨፈንኩ። እውነትም ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው።

ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ሊነፋ አፉን ከፈተ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ጉሮሮው ፈጽሞ ተዘግቷል። ዞሮ በሹክሹክታ፣

«አንቺ ንፊ» አለኝ።

«እኔ? በሰው ከተማ? ያላህ!»

እሱ መንዳቱን ቀጠለ። ሰው ወደ ሥራ የሚሄድበት ሰዓት ነው። ሞተሯን ሲሰሙ አንዳንዶቹ ቆሙ፤ ጠበቁ። አንዲት ሴት ከሱቅ ደጃፍ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አየሁ። ያኔ ልጄ ትዝ አለችኝ። አልጋ ላይ ናት፤ ከወለደች አንድ ሌሊት አልሞላትም። የሞተሯን ድምፅ ትሰማለች፣ ትቆጥራለች፣ ምንም አይመጣም።

ነጠላዬን ከአፌ ላይ አነሳሁ።

«ጲጵ! ጲጵ!» አልኩ።

ሱቁ ጋ ያለችው ሴት ሳቀች። እኔ ግን ከዚያ በኋላ አላቆምኩም። በገበያው አለፍን፣ «ጲጵ ጲጵ!»፤ በመስጊዱ አለፍን፣ «ጲጵ ጲጵ!»፤ የልጄ ሰፈር መታጠፊያ ስንደርስ ከሩቅ ጀመርኩ፣ አማቷ እንዳሉት። ሁለት ብቻ አይደለም፣ ስንት እንደሆነ አልቆጠርኩም።

አማቷ በር ላይ ሆነው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጠበቁኝ። ዱቄቱን ከጀርባዬ ሳላወርድ ገባሁ። ልጄ ተኝታለች፤ ሕፃኗ ጎኗ ነች፣ ተጠቅልላ ፊቷ ብቻ ይታያል። ልጄ አላለቀሰችም፣ አልደነገጠችም። ዓይኗን ወደ በሩ አድርጋ ስትጠብቅ ነበር።

«እማ፣» አለችኝ፣ «የዛሬው ክላክስ ቀጠነሳ።»